ጥቁር ኅብስት፣ ጣሳና ጠጠር

በእኛ ቤት ኅብስት ነጭ ነበር። እናቴ ኅብስት የምታበስለው የተከበረ እንግዳ ሲመጣ ወይም አራስ ሲጠየቅ ስለነበረ፣ ለዚያ የታሰበው ስንዴ ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ከወፍጮ ቤት ከተመለሰ በኋላ ሁለት ጊዜ ይነፋል፤ በወንፊቱ ላይ የቀረው ፉርሽካ ለዶሮዎች ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ እሳቱ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ከድፎ ዳቦ ብዙም አይለይም። ድፎ በኮባ ተጠቅልሎ ከታችም ከላይም እሳት ሲነድበት፣ ኅብስት ግን የእሳትን ፊት አያይም። ከትልቅ ብረት ድስት ሥር ውኃ ይደረጋል፤ ከውኃው በላይ ቀጫጭን እንጨቶች ይረበረባሉ፤ በርብራቡ ላይ ኮባ ይነጠፋል፤ ሊጡ በኮባው ላይ ይደፋል፤ ክዳኑም እንፋሎት እንዳያመልጥ ዙሪያውን በሊጥ ይመረጋል።

እናቴ ድስቱን ከመክደኗ በፊት አንዲት የታጠበች ጠጠር ውኃው ውስጥ ትጥላለች። ውኃው እስከፈላ ድረስ ጠጠሯ የድስቱን ሥር እየመታች ትንጫጫለች፤ ዝም ካለች ውኃው አልቋል ማለት ነው። ልጅ ሳለሁ የእኔ ሥራ ያቺን ጠጠር ማዳመጥ ነበር። ከጓሮ እየተጫወትኩም ቢሆን ጆሮዬ ከጓዳው አይለይም ነበር።

ኅብስት የሚለው ቃል በግእዝ ማንኛውም ዳቦ የሚጠራበት ነው፤ በቤተ ክርስቲያንም ለቅዱስ ቁርባን የሚቀርበው በዚሁ ስም ይጠራል። በወጥ ቤታችን ግን ስሙ በእንፋሎት ለሚበስለው ብቻ ተለይቶ ቀርቷል። ምናልባት ነጭነቱ እንደ ግዴታ የታየው ስሙ ከመቅደስ ጋር ስለሚነካካ ይሆናል ብዬ አስቤ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ይህ የእኔ ግምት ብቻ ነው፤ ሌላውና ቀላሉ ምክንያት ነጭ ዱቄት የሀብት ምልክት መሆኑ ነው።

ቦስተን አቅራቢያ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ፎቶግራፍ ላከችልኝ። እንደ ግንድ ቁራጭ የቆመ፣ ቀለሙ እንደ ቡና አተላ የጠቆረ፣ ጎኑ ላይ የቆርቆሮ ጣሳ ቀለበት የታተመበት ዳቦ ነበር። ከሥሩም «እስኪ ይህን ተመልከቺ፤ የዚህ አገር ሰዎች ኅብስት ነው፤ በጣሳ ያበስሉታል» ብላ ጽፋለች። ቅርፊት የለውም፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ልስላሴ ያለው ነው። ፎቶግራፉን ለእናቴ ሳሳያት ለረጅም ጊዜ ተመለከተችውና «እንፋሎቱስ ይሁን፤ ግን ይህን ጥቁር ነገር ለማን ያቀርቡታል?» አለች።

ጥያቄዋ ከገመተችው በላይ ትክክለኛ ነበር። ያ ዳቦ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ ኒው ኢንግላንድ በሚባለው አካባቢ የተወለደው ከክብር ሳይሆን ከችግር ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከእንግሊዝ የመጡት ሰፋሪዎች ይዘውት የሄዱት ስንዴ በአዲሱ ምድር አልሆነላቸውም፤ በተለይ እኛም በደንብ የምናውቀው ዋግ ይመታው ነበር። የዚያው አካባቢ ክፍል የሆነችው የኮኔቲከት ሰዎች የዋጉ መጠጊያ የሆነውን አንድ ቁጥቋጦ ለማስነቀል እ.ኤ.አ. በ1726 ሕግ እስከማውጣት ደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የአገራችንን የስንዴ ማሳ ሲያነድ ያየ ገበሬ ይህን ሕግ ቢሰማ የሚገረም አይመስለኝም። ስለዚህ ሰፋሪዎቹ ውድ የሆነውን ስንዴ ለመቆጠብ፣ ከአገሬው ሕዝቦች ያገኙትን በቆሎና ብርድ የሚችለውን ራይ የተባለ የስንዴ ዘመድ እህል ቀላቀሉበት። ሦስቱ ዱቄቶች እኩል እኩል ይገባሉ፤ ጣፋጩ ሞላሰስ ነው፤ ማራሻው ደግሞ ቅቤው ከወጣለት ወተት የሚቀረው፣ እኛ አሬራ የምንለው ነው። ቅዳሜ ማታ ከተቀቀለና በምድጃ ከቆየ ባቄላ መሰል ቦሎቄ ጋር ይበላል። ይህም ልማድ የመጣው እሑድ ሰንበታቸው ስለሆነ ሥራው አስቀድሞ እንዲያልቅ ከመፈለግ ነው። ከጎንደር ወጣ ብላ በምትገኘው ወለቃ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያንም የሰንበት ዳቧቸውን ዓርብ ይጋግሩ ስለነበር፣ ነገሩ ለእኛ አካባቢ ሰው እንግዳ አይደለም።

ስለ ሞላሰስ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በእኛ አገር ይህ የስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት፣ ከወንጂ ጀምሮ እስከ ፊንጫ፣ የሚታወቀው ለከብት ማድለቢያ ወይም ለአልኮል መሥሪያ ነው። በቅዳሜ ገበያ አካባቢ ለምግብ የሚሆን ሞላሰስ ፈልጌ ስጠይቅ፣ አንድ ነጋዴ ስንት በሬ እንደማደልብ ጠየቀኝ። በቦስተን ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 1919 ሞላሰስ የተጠራቀመበት ግዙፍ ታንከር ፈንድቶ፣ የተለቀቀው ጎርፍ በከተማዋ መንገድ ላይ 21 ሰዎችን ገድሏል። እህቴ ይህን ስትነግረኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ጎርፍ የሚሆን ጣፋጭ ነገር በአእምሮዬ ሊቀረጽልኝ አልቻለም።

እንግዲህ እህቴ የላከችልኝን አሠራር ይዤ ስነሣ በእጄ ላይ ራይ የለም፤ ሞላሰስም የለም። የነበረኝ በየሱቁ የሚገኘው ቤኪንግ ሶዳ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ሙከራዬን ያበላሸውም እሱ ሆነ። በዚያ አሠራር እርሾ የሚባል ነገር የለም፤ የአሬራው ኮምጣጣነትና የሞላሰሱ አሲድ ከሶዳው ጋር ሲገናኙ ጋዝ ይፈጠራል፤ ዳቦውን የሚያነሣውም እሱ ነው። እኔ ሞላሰሱን በማር ተክቼ ሶዳውን ግን እንደተጻፈው ሁለት የሻይ ማንኪያ ሙሉ ጨመርኩ። ማር የሞላሰስን ያህል የሶዳውን ኃይል የሚሰብር ነገር የለውምና ትርፉ ሶዳ ሊጡ ውስጥ እንደተቀመጠ ቀረ። በመጨረሻ ከጣሳው የወጣው ነገር ጥሩ ቀለም ነበረው፤ ሽታው ግን የልብስ ሳሙና ነበር። እናቴ ትንሽ ቆረሰች፤ አላመጠች፤ ምንም ሳትናገር ውኃ ጠጣች።

ሶዳ በአሜሪካ በፋብሪካ ደረጃ ለገበያ መቅረብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1846 ገደማ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ ሰዎች ጥቁሩን ሊጥ የሚያነሡት በእርሾ ወይም በጠላ መሰል መጠጥ አተላ ነበር። ይህን ሳውቅ ለራሴ ሳቅሁ፤ እርሾ እንደ ወንበር የቤት ዕቃ በሆነበት ቤት ውስጥ ተቀምጬ ከሱቅ ሶዳ እየገዛሁ ሊጥ ለማስነሣት ስታገል መክረሜ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሶዳውን ተውኩት።

እርሾ ስል ግን ነገሩ እንደመሰለኝ ቀላል አልነበረም። ከጤፍ እንጀራው ቡኮ ላይ የሚጠለለውን ቢጫ እርሾ አንድ ሲኒ ወስጄ ከስንዴና ከገብስ ዱቄት ጋር አቦካሁት። በማግስቱ ሊጡ እንደሚገባ ኮምጥጧል፤ ከፍ ግን አላለም። የእንጀራው እርሾ የለመደው ቀጭን ሊጥ ነው፤ እንጀራ ደግሞ ዓይን ማውጣት እንጂ እንደ ዳቦ ኩፍ ማለት አይጠበቅበትም። ስለዚህ ያንኑ እርሾ ወደ ዳቦ ማልመድ ነበረብኝ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህሉን በብርጭቆ ማሰሮ አድርጌ፣ በየቀኑ ግማሹን እየደፋሁ፣ በደፋሁት ልክ ያልተነፋ የስንዴ ዱቄትና ለብ ያለ ውኃ እያበላሁት ከረምኩ። የደፋሁት አልባከነም፤ ለቂጣ ይውላል። በአራተኛው ቀን ሽታው ከሆምጣጤነት ወደ በሰለ ፍሬ ሽታ አደላ፤ በሰባተኛው ቀን ጠዋት በማሰሮው ላይ ያሰርኩትን ክር አልፎ እጥፍ ሆኖ አገኘሁት። በውስጡ የሚሠሩት ሁለት ዓይነት ረቂቅ ሕዋሳት ናቸው፤ አንዱ ወገን ኮምጣጣውን የላክቲክ አሲድ ያመጣል፤ ሌላው ወገን፣ የዱር እርሾው፣ ሊጡን የሚነፋውን ጋዝ ያወጣል። የኅዳር ሌሊት ጎንደር ላይ ሲበርድ ሁለተኛው ወገን ይሰንፋል፤ ስለዚህ በዚያ ወቅት ማሰሮውን በነጠላ ጠቅልዬ ከምድጃው አጠገብ አሳድረዋለሁ።

ከራይ ይልቅ ምን ይግባ የሚለውን የፈቱልኝ ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩት፣ እትዬ እያልኩ የምጠራቸው ጎረቤታችን ናቸው። ጠላ ይጠምቃሉ፤ ዳጉሳን ከእሳቸው በተሻለ የሚያውቅ ሰው አላውቅም። «ልጄ፣ መጥቆሩን ከፈለግሽ ዳጉሳ አለ፤ ግን ዳጉሳ ብቻውን አይያያዝም፤ ስንዴ ያስፈልገዋል» አሉኝ። ዳጉሳ ግሉተን የሚባለው፣ ሊጥን እንደ ላስቲክ የሚያያይዘው ነገር የለውም፤ ይህን እሳቸው የሚያውቁት ከእጃቸው ነው። ገብሱ ከወገራና ከዳባት በኩል እየመጣ በገበያው ሞልቷል፤ እሱም ቢሆን ሊጥ የመያዝ አቅሙ ደካማ ነው፤ ጣዕሙ ግን ከሁሉም የከበደ ነው። በቆሎውን፣ የድሮ ሰዎች የባሕር ማሽላ የሚሉትን፣ ሞክሬ ተውኩት፤ ከዳጉሳው ጋር ሲሆን ዳቦው አፍ ውስጥ ይፈረፈራል። በዚህ ነገር ከእህቴ ጋር ተጣልተናል። እሷ በቆሎ የሌለበት ዳቦ የዚያ አገር ዳቦ አይባልም ትላለች፤ እኔም አይባልም እላለሁ፤ ስሙ ኅብስት ነው።

አሁን የምሠራበት መጠን ይህ ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ 200 ግራም ያህል የነቃ የዳቦ እርሾ፣ 200 ግራም ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት፣ 150 ግራም የገብስና 150 ግራም የዳጉሳ ዱቄት በገበቴ ውስጥ ይገናኛሉ። ለእነሱም 400 ሚሊ ሊትር ገደማ ለብ ያለ አሬራ፣ በጾም ከሆነ ውኃ፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ማርና ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል ጨው ይጨመራል። ሊጡ በእጅ የሚታሽ አይደለም፤ በእንጨት ማንኪያ የሚማሰል፣ ከገንፎ ጥቂት የሳሳ ነው። እናቴ ነጭ አዝሙድ ሳይገባበት ዳቦ ይባላል ብላ አታምንምና አንድ ቁንጥር ትጥልበታለች፤ እኔ ባልጥልበት እመርጣለሁ፤ በዚህም አልተስማማንም። ሊጡ ተሸፍኖ ያድራል። ጠዋት ከላይ ተሰነጣጥቆና ከሥሩ ተንፍቶ ሲታይ፣ በቅቤ የታሸ ጣሳ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ድረስ ይገለበጣል፤ በጾም ቅቤው በዘይት ይተካል። ከጣሳው ጫፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ እስኪደርስ ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይጠበቃል።

ጣሳው የዱቄት ወተት ጣሳ ነው። በገበያችን እህል የሚሰፈርበት ያ ጣሳ ኅብስት ማብሰያ ሲሆን ማየት እናቴን ከዳቦው ይልቅ አስደስቷታል። ይሁን እንጂ አንዳንዱ ጣሳ ውስጡ በቀለም ወይም በላስቲክ መሰል ነገር የተለበጠ ነውና ያልተለበጠውን መርጦ፣ ባዶውን አፍልቶ ማጠብ ያስፈልጋል። አፉን በኮባ ሸፍኜ በሲባጎ አስረዋለሁ፤ እህቴ በአሉሚኒየም ወረቀት ነው የምታስረው፤ ኮባው ግን የራሱን ሽታ ይሰጣል። ጣሳው በድስቱ ውስጥ በርብራብ ላይ ቆሞ፣ ውኃው ግማሽ ጎኑ ድረስ ይደርሳል። ጠጠሯም ትገባለች።

እዚህ ላይ ነው የእህቴ አሠራር ለሁለተኛ ጊዜ የከዳኝ። በእሷ ወረቀት ላይ ማብሰያው ሁለት ሰዓት ነው ይላል። ሁለት ሰዓት አበሰልኩ፤ ከውጭ የበሰለ የመሰለው ኅብስት መሐሉ እንደ ሊጥ የሚጣበቅ ሆነ። አሥር ደቂቃ ስለ ጨመርኩለት የሚድን አልነበረም፤ ከድስቱ ወጥቶ ከበረደ በኋላ በእንፋሎት ያለቀ ዳቦ ተመልሶ አይበስልም። ምክንያቱን ያገኘሁት ከድስቱ ሳይሆን ከተራራው ነው። ቦስተን በባሕር ዳርቻ ናት፤ እዚያ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ጎንደር ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ደግሞ ውኃን ቶሎ ያስፈላዋል። እዚህ ውኃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚያ ላይ እሳቱን ብትጨምሪበት ውኃው በብርቱ ይንተከተካል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ እንፋሎቱም አይሞቅም። ደባርቅ ላይ ደግሞ ከዚህም ይወርዳል። ሽሮና ክክ ደጋ ላይ ለምን እንደሚዘገዩ ሴቶች ሁሉ ያውቁታል፤ ይሁን እንጂ እኔ ይህን እውቀት ወደ ዳቦ አምጥቼው አላውቅም ነበር፤ ምጣድ ላይ ችግሩ አይታይማ።

ስለዚህ ሦስት ሰዓት ከሩብ አበስላለሁ። ቀዝቃዛ ውኃ አልጨምርም፤ ጠጠሯ ድምፅዋ ሲሳሳ ከጎን የጣድኩትን የፈላ ውኃ እቀዳበታለሁ። አንድ ቀን በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል እንደበሰለ መብራት ጠፋ፤ የተመለሰው ወደ ማታ ነው። ከጣሳው የወጣው ነገር ከታች ዳቦ፣ ከላይ ገንፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሰል ነው የምጠቀመው። ከሰል ዋጋው ቢከፋም በመሐል አይቋረጥም፤ ለእንፋሎት ደግሞ ነበልባል ሳይሆን ዘላቂነት ነው የሚያስፈልገው።

መብሰሉን በምን ትለዪዋለሽ የሚለውን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ድፎ ዳቦ ሽታው ራሱ ይጣራል፤ ኅብስት ግን ከክዳኑ በታች የተቀበረ ነገር ነው፤ ስትከፍቺው የሚመጣው የእንፋሎት ደመና ነው። እኔ ከሰፌድ መሥሪያው ስንደዶ አንድ ዘንግ ወስጄ በመሐሉ አስገባዋለሁ፤ እርጥብ ሊጥ ይዞ ካልወጣ በስሏል። ከዚያ በኋላ ግን ወዲያው ከጣሳው ማውጣት አይገባም፤ ከድስቱ አውጥቼ ኮባውን ፈትቼ ግማሽ ሰዓት ያህል አሳርፈዋለሁ፤ ቶሎ ከተገለበጠ ወገቡ ይሰበራል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ያገኘሁት፣ ከእናቴ ጋርም ብዙ ያከራከረኝ ነገር አለ። ምጣድ ላይ የሚጋገር ዳቦ ጣዕሙን በአብዛኛው የሚያገኘው ከቅርፊቱ ነው። ደረቅ ኃይለኛ ሙቀት የሊጡን ላይኛ ክፍል ሲያጠቁረው፣ ያ ጥቁረት ነው ቤቱን የሚያውደው ሽታ፣ አፍ ላይ የሚቀረው ምሬትና ጣፋጭነት። እንፋሎት ይህን ማድረግ አይችልም፤ እርጥብ ነው፤ ሙቀቱም ለዚያ አይደርስም። ስለዚህ ኅብስት ሊጡ ይዞት የገባውን ጣዕም ብቻ ነው ይዞ የሚወጣው። ነጭ ዱቄት በተለይም አሁን ሁላችንም የምንገዛው ፉርኖ ዱቄት፣ ይዞ የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። ለዚህ ነው የነጭ ኅብስት ምስጋና ሁልጊዜ ስለ ልስላሴው የሆነው፤ «እንደ ጥጥ ነው» ይባላል፤ ስለ ጣዕሙ ሲወራ ግን ሰምቼ አላውቅም። ዳጉሳ፣ ገብስና ያደረ እርሾ ግን ገና ጥሬ ሳሉ ጣዕም አላቸው። የእሳቱን ሥራ አስቀድመው ሠርተው ይገባሉ። ነጩ ዱቄት የሚያስፈልገው ምጣድ ነው፤ እንፋሎት የሚያስፈልገው ደግሞ ጥቁሩን ነው፤ እኛ ዘመኑን ሁሉ በተቃራኒው ስናደርግ ኖረናል።

እናቴ ይህን አትቀበልም፤ ወይም እንደማትቀበል ታስመስላለች። ለእሷ ዳጉሳ የክፉ ቀን ትዝታ ነው፤ ስንዴ በጠፋበት ዓመት ከእህል ሁሉ የቀረላቸው ዳጉሳ እንደነበረ ትናገራለች፤ ጥቁር ዳቦ ለእንግዳ ማቅረብ ለእሷ እንግዳውን ያንን ዓመት ማብላት ነው። በዚህ ላይ የዳጉሳ ካልሲየምና ብረት ብዙ መሆኑን፣ ሲቦካም አዝርዕት ውስጥ ማዕድናትን አስሮ የሚይዘው አሲድ ስለሚቀንስ ለሰውነት እንደሚመች ብነግራት ዋጋ የለውም። የኒው ኢንግላንድ ሰዎችም ይህን ዳቦ የዘመን ችግር አስተማራቸው እንጂ ወደውት አልጀመሩትም፤ ልጆቻቸው ግን ወደዱት። እኔ ያንን ዓመት ስላላየሁት መውደድ ቀላል እንደሆነልኝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ክርክሩን አጥብቄ አልገፋውም።

ይልቁን ያለፈው የፍልሰታ ጾም ላይ፣ ጣሳውን ከድስቱ አውጥቼ ስገለብጥ፣ እትዬ ስልጆ ይዘው መጡ። ስልጆ የባቄላ ዱቄት ከሱፍና ከሰናፍጭ ጋር ተዋሕዶ የሚኮመጥጥ የጾም ምግብ ነው፤ የቦስተን ሰዎች ዳቧቸውን ከባቄላ ዘመድ ጋር መብላታቸውን ሳስታውስ፣ ሰናፍጩ ቢጨምርላቸው ምን ይሉ ነበር ብዬ አሰብኩ። ቢላዋ ስፈልግ እናቴ እጄን ያዘችኝ። በቢላዋ የተቆረጠ ኅብስት ይጫናል፤ ስለዚህ ከፈትል ቅርጫቷ አንድ ክንድ የጥጥ ክር ስባ አወጣች፤ በዳቦው ዙሪያ ጠመጠመችው፤ ጫፎቹን አቆላልፋ ስትጎትተው ክሩ እንደ ቅቤ አልፎ ክብ ቁራጭ ወደቀ። እህቴ በስልኳ ካሜራ ላይ ሆና እያየች ነበርና ጮኸች፤ እዚያም ድሮ በክር ነው የሚቆርጡት፣ ከጎረቤቷ አሮጊት አይታለች።

እናቴ ክሩን ሰብስባ ወደ ቅርጫቷ መለሰች። ሁለተኛውን ቁራጭ ስልጆ አስነክታ በላች፤ ሦስተኛውንም። ከዚያም ወደ ጓዳ ገባች፤ ድስቱን ስታጥብ ጠጠሯ ስትንጫጫ ሰማሁ። ስትመለስ ማሩ ቢቀነስ ጥሩ እንደሚሆን፣ ዳጉሳው ግን እንዳለ ቢሆን እንደማይከፋ ተናገረች። ነጭ አዝሙዱን በሚመለከት እስካሁን አልተስማማንም።